«ሌላ» ተብሎ የተጻፈው ሰባት ከመቶ

«ክፍሉ ስንት ዲግሪ ደረሰ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ሃያ አራት።»

«ከስንት?»

«ከአርባ አንድ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት ከሰዓት በኋላ» አልኩ። ኮምፒውተሩ ስሌቱን የጨረሰው ያን ጊዜ ነበር። የጠየቁኝም ስለ ስሌቱ መስሎኝ ነበር።

ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ሳይለቁኝ ጸሐፊያቸውን ጠሩ። «ነይ፣ ይቺን ልጅ እያት! ሃያ ስድስት ዓመት ሲነድ የኖረውን ክፍል በአንድ ከሰዓት አቀዘቀዘችው።» ጸሐፊዋ አጨበጨበች። እጄ በሰው እጅ ውስጥ እያለ ያንን ሰው ማረም አይሆንልኝም። ደግሞም የእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ላይ «የኮምፒውተር ሙከራ» ብዬ ጽፌ ስለነበር ሲያነቡት ይገባቸዋል ብዬ ዝም አልኩ። ዳይሬክተሩ ግን ሪፖርት የሚያነቡት ከመጨረሻው ገጽ ነው፤ እዚያ ያለው ቁጥር ደስ ካላቸው የቀረውን አያነቡትም። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ፈረሙበት።

የምሠራው በአንድ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒክ ክፍል ውስጥ ነው። ከሕንፃው ጓሮ፣ መስኮቱ ጠባብ በሆነ ክፍል ውስጥ ማጉያው ቆሟል። ማጉያው ቁም ሣጥን ያክላል፤ ከስቱዲዮ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ተቀብሎ ጉልበት ይሰጠውና ወደ አንቴናው ይልከዋል። ጉድለቱ ሁልጊዜ ለጩኸት ተዘጋጅቶ መቆሙ ነው። ተናጋሪው ቢጮህም ቢያንሾካሹክም የሚቀርብለት ቮልቴጅ ያው ነው፤ ምልክቱ ያልተጠቀመበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ክፍሉን ይጋግረዋል። ለአንድ ሲኒ ሻይ በርሜል ሙሉ ውሃ እንደሚያፈላ ሰው ማለት ነው። ከሚበላው ኃይል ወደ አየር የሚወጣው ሠላሳ አራት ከመቶው ብቻ ነበር።

መፍትሔው ቮልቴጁ የምልክቱን ከፍታ እግር በእግር እየተከተለ ከፍ ዝቅ እንዲል ማድረግ ነው። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ሲሠራበት የኖረ ነው። እኔ የእኛን ማጉያ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ሠራሁና ምልክቱን የሚከተለውን ሰርኪት እዚያው ገጠምኩለት። አራት ወር ፈጀብኝ። ሠላሳ አራቱ ሃምሳ ሰባት ገባ፤ የክፍሉም ሙቀት በስሌት ሃያ አራት ዲግሪ ሆነ። ሰርኪቱ ራሱ ግን ገና በዓለም ላይ የለም። አንድ ሽቦ አልተቆረጠም፣ አንድ ብሎን አልተፈታም።

መሥሪያ ቤታችን ደግሞ አንድ ደንብ አለው። የተፈረመበት ሪፖርት ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ እንደዋለ ይቆጠራል። ደንቡ የወጣው ድሮ ሪፖርት እየተፈረመ ሥራው ለዓመታት ይጓተት ስለነበር ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ የተጓተተ ሥራ የለም።

ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው የማጉያውን ክፍል ማራገቢያ ነቅለው ወደ ስብሰባ አዳራሽ ወሰዱት። አዳራሹ ስለሚሞቅ ነበር።

ማጉያውን የሚጠብቀው አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጆሮው» ይለዋል፤ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። እኔ ቤትም ሥራ ቦታም ጋሼ ነው የምለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ክፍል፣ ከማጉያው ጎን፣ አንድ አሮጌ ድምፅ ማጉያ ሣጥን ከራሱ በላይ ሰቅሎ የጣቢያውን ፕሮግራም ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ እየሰማ ኖሯል። ጣቢያውን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠው ሰው እሱ ብቻ ነው የሚሉ አሉ።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ ውጤቱን ለማየት መጡ። ካፖርት ለብሰዋል። ጸሐፊያቸው ወፍራም ሹራብ ደርባለች፣ የሰው ሀብት ኃላፊው በአንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመዋል። አጎቴ በካናቴራ ነበር፤ ላቡ ከአገጩ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጆሮው፣ ልብስህን ልበስ እንጂ» አሉት ዳይሬክተሩ። «በዚህ ብርድ?»

«ጌታዬ፣ አርባ ስድስት ዲግሪ ነው።»

«ሃያ አራት ነው።»

«ይኸው ቴርሞሜትሩ…»

«ቴርሞሜትሩ ሪፖርቱ ደርሶታል?»

አጎቴ ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር ተመለከተው። በጣም ቅን ሰው ነው፤ የተጠየቀውን ሳያስብበት አይመልስም። «የደረሰው አይመስለኝም» አለ።

«ለዚህ ነዋ!» አሉ ዳይሬክተሩ። ቴርሞሜትሩ ወርዶ ለጥገና ተላከ። በመዝገቡ ላይ በየሰዓቱ «24» ተብሎ እንዲጻፍ ታዘዘ። ጸሐፊዋ እጆቿን እያፋተገች «ውይ፣ እንዴት ይቀዘቅዛል!» አለች። የሰው ሀብት ኃላፊው ሻርፓቸውን ጠበቅ አደረጉ፤ በማግስቱም ጉንፋን ይዟቸው ከሥራ ቀሩ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ አየር ገባበት፣ መልሼ ዘጋሁት።

የአጎቴ የዝውውር ደብዳቤ የመጣው ረቡዕ ነው። ማጉያው በአዲሱ ብቃቱ የቅርብ ጠባቂ እንደማያስፈልገው ከሪፖርቱ ስለተረጋገጠ፣ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ በከተማው ዳር ወዳለው መጋዘን ተዛውሮ የተሰባበሩ ወንበሮችን እንዲጠብቅ ይላል። ማጣቀሻ ተብሎ የተጻፈው የእኔ ሪፖርት ቁጥር ነበር።

አጎቴ እራት የሚበላው እኛ ቤት ነው። ደብዳቤውን አጣጥፎ ሳህኑ ሥር አስቀመጠውና መብላት ጀመረ። እናቴ ግን ከሳህን ሥር የተደበቀ ነገር አያመልጣትም። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ እኔን አየችኝ።

«ወንድሜን በኮምፒውተር አባረርሽው?»

«እማዬ፣ እኔ አላባረርኩትም…»

«ታዲያ ማን ነው? ኤሌክትሪኩ?»

«እትዬ፣ ተያት እባክሽ» አለ አጎቴ። «ልጅቷ ያሳየችው ቁጥር ነው።»

«ዝም በል አንተ! ለወንበር ጠባቂነት ነው ያሳደግኩህ?» ወደ እኔ ዞረች። «ያስተማርንሽ የአጎትሽን እንጀራ እንድትዘጊ ነው? ሂጂና አስተካክይ። አፍ የለሽም?»

አፍ አለኝ፤ ችግሩ የማዘው እኔ አለመሆኔ ነው።

እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ አጎቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወንበሩስ ግድ የለም» አለኝ። «እዚያ ግን የሚሰማ ነገር የለም አሉ። ጠየቅኩ። ሬዲዮ እንኳ አይስብም አሉኝ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።» ከዚያ ሳቀ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር።

«ጌታዬ፣ ሪፖርቱ የኮምፒውተር ሙከራ ነው። ሰርኪቱ ገና አልተሠራም።»

«የፈረመበት ማን ነው?»

«እርስዎ።»

«የእኔ ፊርማ የኮምፒውተር ሙከራ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲህ» አሉ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም እንድቀመጥ ጋበዙኝ። «ልጄ፣ አንቺ ወጣት ነሽ፤ ስሚኝ። ሪፖርት በአፍ አይታረምም። ሪፖርትን የሚያርመው ሌላ ሪፖርት ነው። ቅር ያለሽ ነገር ካለ ጻፊው። ኮሚቴው የሚመጣው ሐሙስ ይሰበሰባል።»

ስለዚህ ወደ ኮምፒውተሬ ተመለስኩና የራሴን ሥራ እንደ ጠላት ማንበብ ጀመርኩ። ስሕተቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም፤ ያለበትን አውቀው ነበር። ሰርኪቱን ከመግጠሜ በፊት ኮምፒውተሩ ከእኛ ማጉያ ኃይል ወደ አየር የሚወጣው ሃያ ሰባት ከመቶው ብቻ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። የእውነተኛው ማጉያ ቆጣሪ ግን ሠላሳ አራት ይላል። ሰባቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ለፋሁ። ሲያቅተኝ ከሰንጠረዡ ግርጌ «ሌላ» የሚል መስመር ጨምሬ ሰባት ከመቶ ጻፍኩበት። ዩኒቨርሲቲም እንዲህ እናደርግ ነበር። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሰባቱን ለመፈለግ ወደ ማጉያው ክፍል ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ክፍሉን የማውቀው በኮምፒውተር ነበር። ሙቀቱ ስለሚያዞረኝ ከአምስት ደቂቃ በላይ ቆይቼበት አላውቅም። ያን ቀን ግን አንድ ባልዲ ገለበጥኩና አጎቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አጎቴ ቀኝ እጁን የቮልቴጁ ማዞሪያ ላይ አድርጎ ነበር። እጁ አያርፍም፤ ወደ ግራ ትንሽ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ይላል።

«ምን እያደረግክ ነው ጋሼ?»

«ቆይ፣ ሴትዮዋ ገባች» አለና ማዞሪያውን ወደ ግራ አዞረው። ከሣጥኑ ውስጥ የአየር ጠባይ ዘገባ አቅራቢዋ ድምፅ መጣ። ልጅ የምታስተኛ ይመስላል አነጋገሯ። «ለዚች ሙሉ ኃይል ቢሰጧት ምን ታደርገዋለች? ጎርፍ ሲመጣ እንኳ በለሆሳስ ነው የምትናገረው።»

«ማን ነው ይህን ያዘዘህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን?»

አጎቴ ትንሽ አፈረ። «ሲግል ያሳዝነኛል» አለ ማጉያውን በዓይኑ እያሳየኝ። «ምንም ላይባል ጥርሱን ነክሶ ይቆማል። እኔ እንዳለሁ ይወቀው ብዬ ነው።»

አራት ወር ኮምፒውተር ላይ የሠራሁትን ነገር አጎቴ ሃያ ስድስት ዓመት በእጁ ሲሠራው ኖሯል። እርግጥ ነው፣ የእሱ እጅ እንደ ሰርኪት አይፈጥንም፤ እያንዳንዷን ቃል አይከተልም። ግን ሰውን ይከተላል። ማን እንደገባ፣ በምን ስሜት እንደገባ፣ መቼ እንደሚቆጣ ያውቃል።

ቀጥሎ የእግር ኳስ ጨዋታ ተላለፈ። ጋዜጠኛው እየተናገረ ሳለ የአጎቴ እጅ በድንገት ወደ ቀኝ ተወረወረ። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የክፍሉ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

«እንዴት አወቅክ?»

«ትንፋሹ ቆመ። ኳሷ ልትገባ ስትል ሁልጊዜ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። አንዳንዴ ሳትገባም ይጮሃል፣ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።»

በዚህ ሥራ ውስጥ ከባዱ ነገር መዘግየት ነው። ቮልቴጁ ከምልክቱ ለቅጽበት እንኳ ወደ ኋላ ከቀረ የድምፁ አናት ይቆረጣል፣ አድማጩ ዘንድ ሲደርስ ይሻክራል። ከአራቱ ወር ሦስቱን የፈጀሁት ይህን መዘግየት በመቀነስ ነበር። አጎቴ ጭራሽ ቀድሞ ነበር የሚደርሰው።

ሦስት ቀን የእጅ ሰዓት ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ በየፕሮግራሙ እጁ ድምፁን በስንት ሰከንድ እንደሚቀድም፣ ስንት እንደሚያዞር መዘገብኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ክፍል ሠራሁ፣ ስሙን «ጆሮ» አልኩት፣ ከማጉያው ጋር አገናኘሁት። አጎቴ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ያይ ነበር።

«ይቺ ሣጥን እኔ ነኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ትንሽ አሳነስሽኝ። ምሳ የምበላበትን ሰዓት ጨምረሻል?»

አልጨመርኩም ነበር። ጨመርኩ፤ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ያለው ብቃት ወዲያው ወረደ። ሲያስለው እጁ ወደ ግራ እንደሚሸሽ አስተውዬ ስለነበር ሳሉንም አስገባሁ። ስሌቱን ሳስኬደው ሠላሳ አራት ከመቶ ወጣ። «ሌላ» የሚለው መስመር ላይ ዜሮ ጻፍኩ። አጎቴን ሳወጣው ሃያ ሰባት። ሳስገባው ሠላሳ አራት። ደጋግሜ አወጣሁት፣ አስገባሁት፤ ደስ ስላለኝ ነው።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዳይሬክተሩ አሉ፣ የሰው ሀብት ኃላፊው በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘው አሉ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይናገራሉ የሚባሉት የንብረት ክፍል ኃላፊም አሉ። በአዳራሹ ጥግ የማጉያው ክፍል ማራገቢያ ይሽከረከራል። አጎቴ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ወረቀቴን አነበብኩ። ድምፄ መሬት መሬት ይል ነበር፤ ሁለት ጊዜ «ጎላ አድርጊው» አሉኝ። ሰርኪቱ ገና እንዳልተሠራ በድጋሚ ተናገርኩ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ «ባለሙያዋ ኮሚቴውን አመሰገነች» ብላ ጻፈች። በኋላ አይቼዋለሁ።

«ቆይ» አሉ ዳይሬክተሩ። «ይህ ጆሮ የተባለው ክፍል ቢወጣ ሃምሳ ሰባቱ ምን ይሆናል?»

«ሃምሳ ይሆናል።»

«እኔ የፈረምኩት ስንት ላይ ነው?»

«ሃምሳ ሰባት ላይ።»

ዳይሬክተሩ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ለአፍታ አሰቡ፤ ፊታቸው እንደ ፍም ቀላ። ፊርማቸው ሰባት ከመቶ ሊጎድልበት ነበር።

«መለዋወጫ አለው?» አሉ በመጨረሻ።

«የለውም።»

«ማዘዝ አይቻልም? ከአምራቹ?»

እናቴ ናት ያሳደገችው ልበል ብዬ ነበር። «ያለው አንድ ብቻ ነው» አልኩ። «ምርቱ ቆሟል።»

«መለዋወጫ የሌለውን ዕቃ ማን ነው ወደ መጋዘን የሚልከው?» ብለው ጠረጴዛውን በጥፊ መቱት። የሰው ሀብት ኃላፊው አስነጠሱ። ደብዳቤውን የጻፉት ጆሮው ሠራተኛ መስሏቸው እንደሆነ ገለጹ።

ያን ጊዜ የንብረት ክፍል ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁላችንም ዞር አልን። «በሰው ሀብት ደብዳቤ» አሉ እያንዳንዱን ቃል እየለኩ፣ «የማሠራጫ መሣሪያ አካል ሊዛወር አይችልም። ዕቃ ከሆነ የእኔ ነው። የእኔ ከሆነ ደግሞ መመዝገብ አለበት። የተመዘገበ ዕቃ ከሠላሳ ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቦታ አይቀመጥም፤ መመሪያ ነው።»

«ክፍሉ ሃያ አራት ነው» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እንዳያልፍ ነዋ» አሉ የንብረት ክፍል ኃላፊው፤ ተነሥተውም ማራገቢያውን ከሶኬቱ ነቀሉና ብብታቸው ሥር ያዙት። በዚያ ዓመት ሌላ ነገር ሲናገሩ የሰማ የለም።

ውሳኔው በአንድ ድምፅ አለፈ። ከበሩ ስወጣ አጎቴ ከአግዳሚው ብድግ አለ።

«እ? ወንበር ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ቦታህ ላይ ነህ።»

«እንዴት አድርገሽ?»

ነገርኩት። ጥቂት አሰበ። «ምሳዬን አላነሡብኝም?»

«እሱም ተመዝግቧል።»

«እንግዲያው ምን ቸገረኝ» አለና ወደ ጓሮው ፈጠን ብሎ ሄደ፤ ሴትዮዋ የምትገባበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

ማታ ለእናቴ ስንነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ዕቃ አደረጋችሁት?»

«በወረቀት ብቻ ነው እማዬ።»

«እኔ ሰው አድርጌ ነበር የሰጠኋቸው» አለች። ከዚያ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ አጎቴ በደስታ ሁለት ጊዜ ጨምሮ ይበላ ነበር። የራሷንም ድርሻ ወደ እሱ ገፋችለት።

ዓርብ ጠዋት ከንብረት ክፍል አንድ ሠራተኛ መጥቶ በአጎቴ ኮት ጀርባ ላይ 0417 የሚል ቁጥር ለጠፈ፤ እኔም በተረካቢ ቦታ ላይ ፈረምኩ።